በጀርባው የተኛው ሰው

ልብስ ሰፊው በምርምር ማዕከሉ ማረፊያ ክፍል፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ዓይኖቹ ላይ እርጥብ ፎጣ እንደተደረበ ሞቶ ተገኘ። ሦስት የተማሩ ሰዎች ከበውት ቆመዋል። አንዳቸውም አላዘኑም፤ እንዲያውም ሰውዬው በሥራ ሰዓት በመሞቱ ቅር የተሰኙ ይመስሉ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወጥታ እያለከለከች ገባች። ወፍራም ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «በርሜል» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን እነሱ ያቃታቸውን መዝገብ ሁሉ ለሷ ስለሚያመጡላት ትስቅባቸዋለች። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ወገቧን በዓይኑ ለካ።

«ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር የለም» አለ። «ሰውነቱን ያዩታል። ልቡ ቆመ፤ በቃ። አፉን መዝጋት የማይችል ሰው መጨረሻው ይኸው ነው።»

«እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«የወፍራሞችን አንጎል እናጠናለን። የዓይን ቆባቸው ጠርዝ ላይ ያሉት የቅባት ዕጢዎች የተደፈኑባቸውን፣ ቆባቸው ጤነኛ ከሆነው ጋር እናወዳድራለን። የአንጎላቸው እንቅስቃሴ ይለያያል። የዚህኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ድንግዝግዝ ያለ!» ፈገግ አለ። «እርስዎም ዓይንዎን ሲያሹ አይቻለሁ። ለጥናቱ ይሆኑን ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንጎሌን ለጊዜው እፈልገዋለሁ።»

ሬሳው ላይ ጎንበስ ብላ ፎጣውን አነሳች። ከሥሩ ቆቦቹ በመድኃኒት ቅባት ተለውሰዋል። የግራው ቆብ ደህና ነው፤ የቀኙ ግን ቀልቶ እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ላልቷል። ክንዱ ላይ ሦስት ቦታ ተወግቶ በልዟል። በቀለበት ጣቱ ሥር ጎድጎድ ያለ ነጭ ምልክት አለ፤ ቀለበቱ ግን ትንሿ ጣቱ ላይ ነው። ሁለቱም ጣቶች በዚያው ቅባት ያብለጨልጫሉ።

ታናሽ እህቱ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች።

«ጋሼን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዓይኑ እየተቃጠለ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው፤ ‹በነጻ እናክምሃለን› አሉት። አሁን ‹ሆዱ ገደለው› ብለው ወረቀት ሊሰጡኝ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት ኖሮ በሞቱም ይሳቅበት?»

«እንዴት ነበር የሚተኛው?»

«በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ። በጀርባው ከተኛ ትንፋሹ ይቆረጣል።»

«ቀለበቱስ?»

«ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ወልቆ አያውቅም። ጣቱ ወፍሮበት፣ የት ሊወልቅ!»

የዓይን ሐኪሟ ጥፍሯን እያየች መለሰች። «ጠዋት አከምኩት። መጀመሪያ ሙቅ ፎጣ፣ ቀጥሎ ቆቡን መጫን፣ መጨረሻ ላይ ቅባት። መድኃኒቱን አልጋው አጠገብ ትቼለት ወጣሁ።»

«ፎጣውን ከቅባቱ በኋላ መልሰው አደረጉለት?»

«ምን ሲደረግ? ይጠርገዋል እኮ!»

የአንጎል ምስል የሚያነሳው ማሽን ባለሙያ ደግሞ ጥርሱን እየጎረጎረ ቀረበ። «ጆንያውን ነው? ዛሬ በሕይወት አላየሁትም፤ ተራው ከሰዓት ነበር። ከዚህ በፊት ሁለቴ ሞክረን፣ ገና ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ በጀርባ መተኛት አቃተውና ተነስቶ ሄደ። አንድም ምስል የለንም። ዛሬ ፕሮፌሰሩ ‹ሂድ፣ ምሳህን ብላ› አሉኝ። ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች ብዬ፣ እስክትጠሩኝ ከጥበቃዎቹ ጋር ካፌ ተቀምጬ ነበር።»

ጥበቃዎቹም እውነት ነው አሉ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እህቲቱንም አስገባቻት፤ ፕሮፌሰሩ ፊቱን አጨማደደ።

«ሟቹ በጀርባው አያርፍም» ብላ ጀመረች። «የላላው ቆቡ ይመሰክራል፤ ስንት ዓመት ትራስ ላይ ሲታሽ የኖረ ቆብ ነው። ታዲያ ማን በጀርባ ያስተኛል?» ማሽኑን መታ አደረገችው። «ይኼ። ማግኔት ስለሆነ ብረት አይግባ ተብሎ ቀለበቱ በዓይን ቅባት ተንሸራቶ ወለቀ። ሲመለስ ጣቱ እምቢ አለ፤ ትንሿ ላይ ተሰካ። ስለዚህ ሰውዬው ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፤ ሲሞትም በተሽከርካሪ አልጋው ተገፍቶ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ተመልሷል። ባለሙያው ካፌ ነበር። ሐኪሟ ቅባት ላይ ፎጣ አትደርብም። ‹እየታከመ ሞተ› ለማስባል ፎጣውን ያደረገው ስለ ዓይን ሕክምና የማያውቅ ሰው ነው። መርፌም ከያዘ የቆየ፣ ማስተኛ መድኃኒት ለመስጠት ሦስቴ የወጋ።»

«ግምት ነው!» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ያረጋገጡልኝ እርስዎ ነዎት። ገና ስገባ ‹የዚህኛው ከሁሉም የባሰ ነው› አሉኝ። እስከ ዛሬ ምስል የሌለውን ሰው አንጎል መቼ አዩት? ንቀትዎ አናገረዎት። አፉን መዝጋት ያልቻለው ልብስ ሰፊው አይደለም።»

ፕሮፌሰሩ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«በጀርባው እንዳያስተኙት፣ ማስተኛም እንዳይሰጡት ነግሬዎት ነበር!» ብላ ሐኪሟ ጮኸች።

«እኔ ስጠይቅዎት ግን ዝም አሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። «የአዋቂ አጥፊ!»

እህቲቱ ፕሮፌሰሩ ፊት ሄዳ ቆመች። «ሲታፈን አልሰሙትም?»

«ያንኮራፋ ነበር» አለ። «በድምፅ ማጉያው ይሰማኛል። ወፍራም ሁሉ ያንኮራፋል። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ምስሉ ጠራ።» ምራቁን ዋጠ። «ጥናቱን ለመጨረስ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። እባካችሁ ምስሉን አታጥፉት።»

ወይ ጉድ! ባለ ማሽኑ እንኳ አቀረቀረ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ራሷ አጠለቀችለት።

«ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?» አለች እህቲቱ።

«ታፍኖ ሞተ፤ ሰው ገደለው።»

«ጮክ ብለው ይበሉት። ኮሪደር ላይ ያሉትም ይስሙ።»

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ ጮክ ብላ ደገመችው።