ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያጉረመረመችው ሣጥን

እኔ እንኳ ጋኔን አየሁ፣ የሌለ ድምፅ ሰማሁ በሚሉ ሰዎች ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከደብር ደብር ስዞር የኖርኩ ሴት፣ የምፈራ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ፍርሃት ይገድለኝ ነበር፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ከዚያ ሁሉ አጽም አጠገብ ነጠላዬን ተከናንቤ ስተኛ አንድም ቀን የነካኝ የለም፣ ከቁንጫ በቀር። አሁን የምነግራችሁን ግን እንደዚያ ስቄ ላልፈው አልቻልኩም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፣ ልጄ ሲሳይ ላሊበላ ሞተር ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ መብራት ከሩቅ አገር በሽቦ አይመጣም፣ በናፍጣ የሚሠራ አንድ ሞተር ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፣ አራት ሰዓት ይጠፋል፣ በቃ። እኔ ከዙረቴ ስመለስ እሱ ዘንድ ነው የማርፈው፣ ቤቱና ሞተር ቤቱ በአንድ አጥር ናቸው፣ ያየሁትን ሁሉ ካልተሳለምኩ የምል መሆኔን ስለሚያውቅ የመጣሁ ዕለት እጄን ይዞ ዕቃውን አንድ በአንድ አስተዋወቀኝ።

«ይች ጎኗ እንደ ከሳ በሬ የገጠጠው ሣጥን ትራንስፎርመር ትባላለች፣ ሆዷ ዘይት ነው፣ ሞተሩ የሰጣትን ኃይል አበርትታ ወደ ከተማ ትልካለች፣ ስትሠራ ታጉረመርማለች። እኒያ አናቷ ላይ ስኒ የተደራረበ የሚመስሉት ሽቦው ብረቱን እንዳይነካ የሚከላከሉ ናቸው። ይህ ክንድ ማቋረጫው ነው፣ ወርዶ መሃሉ ክፍት ሆኖ ካየሽው ሽቦው ሞቷል፣ ኃይል የለበትም በይ። ይህ መሬት የገባ ወፍራም ሽቦ ደግሞ የተረፈ ኃይል ቢኖር ወደ አፈር የሚያወርድ ነው። ታቦት አይደሉም እምዬ፣ አንዱንም እንዳትሳለሚ።»

«ሚስት አግባ ብልህ ይችን አጉረምራሚ አገባህ?» አልኩት፣ ተሳሳቅን።

በሳምንቱ ካድሬው መጣ፣ ስሙን ተውት። ማታ የሕዝብ ስብሰባ አለ፣ በዋዜማው ደግሞ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ነው ያመሸው። «ዛሬ ቢጠፋ አሻጥር ነው ጓድ ሲሳይ፣ አሻጥር የት እንደሚያስገባ ታውቃለህ» አለው፣ የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ስኒዎቹ ላይ ቆሻሻ ተጋግሮ ነው ብሎ ሊወለውላቸው መሰላል አቆመ፣ ማቋረጫውን አውርዶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ ሌላ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት የመሬቱን ሽቦ በእንጨት ዘንግ አንስቶ ከላይኛው ሽቦ ጋር ያገናኝ ነበር፣ ያን ቀን ግን በችኮላ ተወው።

ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ጥጥ እፈትላለሁ። መጀመሪያ ንብ መሰለኝ፣ ዞር ብል ንብ የለም። እንዝርቴን አቁሜ ጆሮዬን ብሰጥ ድምፁ ከሣጥኗ ነው። ገብቼ ሞተሩን በመዳፌ ዳበስኩት፣ እንደ ዋሻ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ስወጣ ከሞተር ቤቱ በር በላይ ያለችው አምፑል እንደ ፍም ቀልታለች፣ በቀን፣ እመኑኝ፣ ማቋረጫውን ባይ መሃሉ ክፍት ነው፣ ሰማይ ያሳያል።

«ሲሳይ፣ ታጉረመርማለች!»

«ማን?»

«ሚስትህ!»

«ነፋስ ነው እምዬ» ብሎ ጀርባውን እንደሰጠኝ ሳቀ። ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ከመሰላሉ ላይ ሆኖ እጁን ወደ ስኒዎቹ ሲዘረጋ ጊዜ መላው ጠፋኝ፣ እኔ የማውቀው መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፣ ከነአኩቶ ለአብ የቀዳሁትን ጠበል አንስቼ፣ ክዳኑን ነቅዬ፣ በስመ አብ እያልኩ ልረጫት ወደ ሣጥኗ ሮጥኩ።

«እምዬ! ውሃ አይሆንም! ትሞቻለሽ!» ብሎ ከመሰላሉ ዘለለ፣ በነጠላዬ ጎትቶ ጣለኝ፣ ጠበሉም አፈር ላይ ፈሰሰ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ፊቱን ወደ ሣጥኗ መለሰ፣ ለካ እሱም ሰምቷታል። ዘንጉን አንስቶ የመሬቱን ሽቦ ወደ ላይኛው ሲያስጠጋ ገና ሳይነካ ሰማያዊ እሳት ዘለለና ጧ አለ፣ ልክ እጁ ሊያርፍበት ከነበረው ቦታ። ከዚያ ሣጥኗም ዝም፣ አምፑሏም ድርግም። በከተማው ሌላ ሞተር ያለው ሰው የለም፣ ኃይሉ ታዲያ ከየት መጣ?

ካድሬው ከአጥሩ ጀርባ ብቅ አለ፣ ሲመጣ አላየሁትም።

«ምንድን ነው የጮኸው?»

ልጄ የዋህ ነው፣ ሽቦው ኃይል ነበረው ብሎ እውነቱን ነገረው።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ።»

«እንግዲያው ያበራኸው አንተ ነህ፣ ካልሆነም ትዋሻለህ፣ ሁለቱም አሻጥር ነው» አለና ወደኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ምን ሰሙ?»

ሰማሁ ብል ልጄን ይወስዱታል፣ በዚያ ዘመን የተወሰደ ሁሉ አይመለስም። ስንት ደብር የተሳለምኩበት አፌ ዋሸ። «ምንም አልሰማሁ ጌታዬ፣ ፀሐይ መትቶኝ ወደቅሁ፣ እሱ ሊያነሳኝ ሲወርድ መሰላሉ ብረት ላይ ወድቆ ጮኸ፣ ደንግጦ ነው የሚቀባጥረው።» ልጄ ቀና ብሎ አየኝ፣ ገባው፣ አቀረቀረ። ካድሬው ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየንና «ማታ ይብራ» ብቻ አለ።

ልጄ ዘንጉን ሊያስቀምጥ ሲገባ ሰውየው ከአጥሩ በር ተመልሶ አጠገቤ ቆመ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ መጀመሪያ አምፑሏ ናት የቀላችው ወይስ ሣጥኗ ናት ያጉረመረመችው?»

ስለ አምፑሏ እኮ ለልጄም ገና አልነገርኩም ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ በሩ አይታይም፣ በኋላ ሄጄ ቆሜ አይቼዋለሁ። እሱም መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ማታ መብራቱ ያለ እንከን በራ፣ ልጄንም ማንም አልነካው። እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ ስብሰባውን አየሁ፣ ያ ሰውዬ ያን ያህል ሰዓት ሲናገር አንዴም ወደ ሕዝቡ አላየም፣ ዓይኑን ከራሱ በላይ ካለው አምፑል ላይ አልነቀለም፣ ይፈራው ይሁን ይጠብቀው ከነበርኩበት ሆኜ ልለይ አልቻልኩም።