የኢሶዛኪ ቶኩጂ ቀኝ ክንድ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. በወርኃ መስከረም፣ በኦሳካ ዳርቻ ባለው የቤዝቦል ሜዳ ተጫዋቾች የወታደር ቆብ ደፍተው፣ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ዞረው እጅ ይነሡ ነበር፤ የጣሪያው ብረት ለጦርነት ተወስዶ ተመልካቹ በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ ነበር። ቤዝቦል የጠላት ጨዋታ ነው የሚሉ ሹማምንት በመበራከታቸው፣ የክለብ ባለቤቶች ሊጉ እንዳይዘጋ ያላደረጉት አልነበረም፤ የጨዋታውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ በጃፓንኛ ለወጡ፤ ይህም አልበቃ ብሎ ተጫዋቾች ከግጥሚያ በፊት በእጅ ቦምብ ውርወራ እንዲወዳደሩ ደነገጉ። ቦምቡ ባሩድ የሌለው ባዶ ብረት ነው፤ ከኳስ ግን ሦስት እጥፍ ይከብዳል።

ኢሶዛኪ ቶኩጂ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሲሆን፣ ከአባቱ ጀልባ አውጥቶ ስመ ጥር ኳስ ወርዋሪ ያደረገው ቀኝ ክንዱ ነው፤ እናቱና እኅቶቹም የሚተዳደሩት በዚያው ክንድ ነበር። አሰልጣኙ ማኪኖ ብዙ ወርዋሪዎች በዚያ ብረት ትከሻቸው ሲበላሽ አይቷልና፣ ማለዳ ለብቻው ጠራው።

«ስማኝ ቶኩጂ፤ ብረቱን እንደ ኳስ እንዳትወረውር። ዝም ብለህ ጣል አድርገው።»

«ሰው አይስቅብኝም ጋሼ?»

«ይሳቅ። ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል። እኔ ትከሻህን ነው የምፈልገው።»

ቶኩጂ እሺ ብሎ እጅ ነሣ።

ውርወራው በዕድሜ ተራ ነበርና ታላላቆቹ በማኪኖ ምክር ብረቱን እያቀለሉ ጣሉ። ቶኩጂም ለእያንዳንዱ ከተፈቀዱት ሁለት ውርወራዎች የመጀመሪያውን እንዲሁ ጣለ፤ ብረቱ ቅርብ ወደቀ፤ ሕዝቡ ሳቀ። በክብር እንግድነት የተቀመጠው ሻለቃ ስንት ዘመን እንደተጫወተ ጠየቀው፤ ቶኩጂም «ከልጅነቴ ጀምሮ» አለ።

«ዕድሜህን ሙሉ የአሜሪካንን ጨዋታ ተጫውተህ፣ ያተረፍከው ይህን የአሮጊት ክንድ ነው?»

«ጨዋታው የእኛ ነው፣ ጌታዬ።»

«እስቲ አሳየኛ!»

እዚህ ላይ ሞኝ መስሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኔ ብሆን አልፌው ነበር። ቶኩጂ ግን አፈረ፤ ተናደደም፤ ከነፍሱ የሚወደውን ነገር የባዕድ ነው ሲሉበት አልቻለም። ማኪኖ ከዳር ሆኖ ራሱን ሲነቀንቅ እያየ፣ እንደ ኳስ አወራወሩ ተጠማዝዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ፤ ብረቱም ከሁሉ ምልክት አልፎ ወደቀ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሻለቃውም ተነሥቶ፣ የጃፓን ቤዝቦል ለአገር መከላከያ የሚበጅ መሆኑን ለሕዝቡ ተናገረ። ያላጨበጨበው ማኪኖ ብቻ ነበር።

ግጥሚያው ሲጀመር የቶኩጂ የመጀመሪያ ኳስ ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውን ሊወረውር ክንዱ አልነሣ አለው። ማኪኖ ራሱ ገብቶ ደግፎ አወጣው።

«ሻለቃው የእኛ መሆኑን አመነልኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«አመነልህ፤ እንግዲህ በምን ልትጫወተው ነው?»



ሊጉ አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ መዘጋቱ አልቀረም። ጦርነቱ አልቆ አሜሪካኖች ሲገቡም ጨዋታው የወዳጅነት ድልድይ ተባለ፤ የጠላት ነው ሲሉ ከነበሩትም ብዙዎቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ። ቶኩጂ ወደ አባቱ ጀልባ ተመልሶ በግራ እጁ መረብ ሲጎትት ኖረ። የዚያን ዕለት ብረቱ የት ድረስ እንደሄደ ጋዜጣው በትልቁ ጽፎለታል፤ ከዚያ ወዲህ ኳስ ወርውሮ እንደማያውቅ ግን የጻፈለት የለም።