የሐረጎ እንቅልፍ

ከሪማ ናት ያወራችው፤ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጣች። «ሰማችሁ ወይ? የጀላል ልጅ፣ ያቺ የአውስትራሊያዋ፣ ሙንዚርን ልታገባ ዘንድሮ ተመልሳ መጣች። ነገሩን አምና መኪና ውስጥ ነው አሉ የጀመሩት። እናትና አባቷ ቁጭ ባሉበት! ያ ረቢ!»

ከሪማ ወሬ ስታወራ ግማሹን ትውጠዋለች፣ የቀረውን ታሳድገዋለች። መኪና ውስጥ መጀመሩስ እውነት ነው፤ ውሸት አይባልም። እንዴት እንደተጀመረ ግን ከሪማ አሟልታ አታውቅም። የሚያውቀው ሙንዚር ነው። ሙንዚር ደግሞ ሰው ፊት አፉን ከፍቶ የተናገረው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺ ቀን እንዲህ ነበረች።

ሙንዚር ደሴ፣ አራዳ ላይ መጋረጃ ይሰፋል። ረዘም ያለ፣ ሰው ሲያየው ቶሎ ብሎ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። የጀላል እናት እማ ጣይባ ጎረቤቱ ናቸው፤ ከአንድ ቧንቧ የሚቀዱ፣ አጥር ለአጥር። አምና ክረምቱ እንደወጣ ጠሩትና «ልጄ ጀላል ከነቤተሰቡ ለዕረፍት ሊመጣልኝ ነው። ሚኒባስ አዝዣለሁ። ኮምቦልቻ ውረድና ሻንጣ አግዝልኝ» አሉት። ወረደ።

እንግዶቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲወጡ ማየት ነበር። ከሜልበርን ዱባይ፣ ከዱባይ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ሲሉ አልጋ የሚባል ነገር አላዩም። ጀላል ሰው እየጨበጠ ዓይኑ ይከደናል። ሚስቱ ቢልቂስ የሌላ ሰው ሻንጣ እየጎተተች ስትሄድ ተጠርታ ተመለሰች። ልጃቸው ዊዳድ፣ ከደሴ የወጣችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው፣ ሙንዚርን ቀና ብላ አይታ «እንደምን አመሸህ» አለችው። ፀሐይዋ ገና መሞቋ ነበር።

«እግዚሃር... አልሐምዱሊላህ» አለ ሙንዚር፤ ምላሱ ተሳስሮ።

ቢልቂስ መንገድ ሲጠማዘዝ ያስመልሳታል፤ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ጀላል ከኋላ ሻንጣ ተደግፎ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ አንኮራፋ። መሃል ላይ የቀሩት ሙንዚርና ዊዳድ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ የእጅ ቦርሳ። ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ሲጀምር ቦርሳው ወደቀ። ያነሳው የለም።

«አማርኛ ትሰሚያለሽ?» አላት፤ የሚለው ቢያጣ።

«እሰማለሁ። እማዬ ቤት ውስጥ በሌላ ቋንቋ ከተናገርን አትመልስልንም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም፤ ተኝቼ ነው።»

«ዓይንሽ ተከፍቶ?»

«እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

ሙንዚር ሳቀ። መሳቁ ራሱን ገረመው።

«እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«እንጃልኝ። ትናንት ይሁን ነገ ራሱ ጠፍቶኛል።»

«ሐረጎን ሳታዪማ እንዳትተኚ። ደሴ ደረስኩ የሚባለው ሐረጎን አይቶ ነው።»

«አንተ እይልኝና ንገረኝ» አለች። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማሃለሁ።»

ነገራት። ጉሙ ከባሕር ዛፉ ሥር እንዴት እንደሚወጣ ነገራት። የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ከታች እየራቀ እንደ ውሃ ሲያብለጨልጭ ነገራት። አንድ ሽማግሌ ከመንገድ ዳር ቆመው፣ ራሳቸው በካፊያው እየበሰበሱ፣ ጃንጥላውን ለፍየላቸው ሲይዙላት ነገራት። ይቺን ሲነግራት ትስቃለች ብሎ ዞር አለ። ራሷ ትከሻው ላይ ወደቀ።

ሙንዚር የሰው ልጅ የሚያከብር፣ አላህን የሚፈራ ነው። ጃኬቱን ቀስ ብሎ አወለቀና አጥፎ በጉንጯና በትከሻው መካከል አስገባ። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። እጇ ጭኗ ላይ ነበር። እንደ ሕፃን አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ ሸሽጋ ጨብጣለች። ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም፤ እሱን አየ። ዝም ካልኩ ትነቃለች ብሎ ደግሞ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ለተኛች ሴት መንገዱን መንገሩን ቀጠለ። ክንዱ ደነዘዘ። ሐረጎ እንደዚያ ቀን አጭር ሆኖበት አያውቅም።

ደሴ ሲደርሱ ብርዱ ቀሰቀሳት።

«ነገርከኝ?»

«ነገርኩሽ።»

«ሰማሁ?»

«ሰምተሻል» አላት።

ዊዳድ ጃኬቱን ጉንጯ ሥር አገኘችው። ሙንዚርን አየችው፤ ትከሻውንም አየች። ጃኬቱን አጣጥፋ መለሰችለት፤ ስትሰጠው ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

እማ ጣይባ በር ላይ ቆመው፣ ልጃቸውን አቅፈው አልቅሰው ሲጨርሱ፣ ዓይናቸው ሙንዚር ላይ አረፈ። «ምነው ሻንጣውን በአንድ እጅህ ትጎትታለህ? ያኛውን ለማን ሰጠኸው?»

ሙንዚር መሬት መሬት አየ።

እንግዲህ ነገሩ የከበደው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሐጂ ጣሀ የሚባሉ ነጋዴ አሉ፤ የጀላል አባት ወዳጅ የነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሲሸሽ እማ ጣይባ እግራቸው እንቢ ብሎ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ሐጂ ጣሀ ቤተሰባቸውን ሸኝተው እሳቸው ተመለሱ። ውሃ ቀዱላቸው፣ እሳት አነደዱላቸው፣ ጥይት ሲጮህ ከአልጋቸው ሥር አብረው ተኙ። ጀላል ይህን በስልክ ሲሰማ እንደ ልጅ አልቅሷል። እንዲህ ያለ ሰው «ልጅህን ለልጄ ለተውፊቅ» ሲል በምን አፍ እንቢ ይባላል?

ጀላል እንቢ አላለም፤ እሺም አላለም። «ልጅቷ ትጠየቅ» አለ። በሆዱ፣ እሷ እንቢ ትላለች፣ እኔም ከሐጂ ፊት አልቆም ብሎ ነው። ለዊዳድ ደግሞ ደሴ ገብተን ዐረፍ ብለን እነግራታለሁ እያለ አሳደረው። ሐጂ ግን ዕረፍታችሁ አጭር ነው፣ ነገር በጊዜው ነው ብለው፣ ሼህ መሕሙድን አስከትለው በመጡበት ቀን ከተፍ አሉ። የዐስር ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል። እዚህ ዐስር ሲሆን እዚያ ዊዳድ ባደገችበት እኩለ ሌሊት ነው።

እስከዚያ ልጅቷ ሰው ስትስም ነው የዋለችው። አንዷን አክስት ሁለቴ ሳመቻት። ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨመረችና ጠጣችው። ሴቶቹ ካሉበት ክፍል ግድግዳ ተደግፋ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። አክስቶቿ በዓይን ተጠቃቀሱ። እዚያ አድጋ እንዲህ ያለ ሐያእ፣ እንዲህ ያለ እፍረት! ማሻአላህ!

ሼህ መሕሙድ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ ዊዳድ፣ ሐጂ ጣሀ ለልጃቸው ለተውፊቅ ጠይቀውሻል። ትወጃለሽ ወይ?»

ዝም።

ደገሙ። ዝም። ሦስተኛም ጠየቁ። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ወደደች ነው፤ አፍራ ነው ይባላል። «አላህ ያሳምረው» አሉ ሼሁ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዊዳድ በእልልታው ብንን ብላ ቀና አለች። ሰው ሁሉ ሲስቅላት አይታ እሷም ፈገግ አለች። በቃ፤ አለቀ።

ሙንዚር ለሽማግሌዎቹ ወንበር ይዞ ከሼሁ ኋላ ቆሞ ነበር። ያየውን አየ። እጇ ጭኗ ላይ፣ አውራ ጣቷ ተሸሽጎ።

ጓሮ ወጥቶ ከውሃው ሮቶ አጠገብ ቆመ። ተኝታለች ብል በምን አወቅህ እባላለሁ። በምን እንዳወቅሁ ብናገር ስሟን ደሴ ሙሉ ያኝከዋል። ዝም ብል...

ዚክራ መጣች፤ የዊዳድ የልጅነት ጓደኛ፣ ስትሄድም ያልተለየቻት፣ በስልክ ስታወራት ያደገች። ምላሷ ስለት ነው።

«ምን ሆነሃል? የቀበርከው ሰው አለ?»

«ስትጠየቅ አጠገቧ ነበርሽ?»

«ሻይ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ምነው?»

«ምንም።»

«ምንም ሲባል እንዲህ አይባልም» አለችና ፊቱን አጥንታ ልትቀጥል ስትል፣ ዊዳድ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

«እልልታው ለኛ መምጣት ነው?» አለች። «ደስ ሲል!»

ዚክራ እጇን ያዘቻት። «ላንቺ ነው፣ እታለም። ለተውፊቅ ተሰጠሽ።»

«ማን እሺ አለ?»

«አንቺ። ሦስት ጊዜ ተጠይቀሽ ዝም አልሽ።»

ውሃው ከእጇ ላይ ፈሶ አለቀ። «ዝም አላልኩም» አለች፤ «ተኝቼ ነው!»

ይቺን ቃል ሙንዚር ጠዋት ሰምቷታል። ያኔ አስቃው ነበር።

ዊዳድ በእርጥብ ፊቷ ወንዶቹ ወዳሉበት ገባች። የተመረቀበት ጫት ገና ምንጣፉ ላይ ነው። ጀላል ሲያያት ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ።

«ተኝቼ ነበር፣ ሐጂ» አለች። «ምን እንደተጠየቅሁም አልሰማሁ።»

ሐጂ ጣሀ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው ላይ የታየው ቁጣ ሳይሆን ውርደት ነበር። «ልጄ፣ እኔ ነጣቂ አይደለሁም። ቅድም እንቢ ብትይ መርቄሽ እወጣ ነበር። አሁን ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሰማ፣ ኮምቦልቻ ላለው ልጄም ተደውሎለት ደስ ብሎታል። ስትነቂ ስቀሻል ደግሞ።»

«ሰው ሲስቅልኝ አይቼ ነው።»

ሼህ መሕሙድ ዙሪያውን አዩ። «መተኛቷን ያየ አለ?»

ሴቶቹ በበሩ አጮልቀው እርስ በርስ ተያዩ። ሻሿ ግንባሯ ላይ፣ አንገቷን ደፍታ፤ ማን ያያታል? ዊዳድ አንድ በአንድ ፊታቸውን ፈለገች። የማንንም አላገኘችም። ከመሰጠቷ ይልቅ እሱ ነው እንባዋን ያመጣው።

«እኔ አይቻለሁ።»

ሙንዚር ነው። በሩ ላይ፣ ጫማ ከሚወልቅበት።

«በምን አወቅህ?» አሉ ሼሁ።

መሬት ሊያይ ነበር፤ ተወው። «ጋሽ ጀላል፣ ይቅር ይበሉኝ። ጠዋት ሐረጎ ላይ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ጃኬቴን አድርጌበታለሁ፣ አላህ ያያል። ስትተኛ አውራ ጣቷን ሸሽጋ ትጨብጣለች። ቅድም ስትጠየቅም እንደዚያው ጨብጣ ነበር።»

ቤቱ ተንጫጫ። ቢልቂስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ እውነቱን ነው» አለች። «ጡት ከምትጠባበት ጀምሮ እንዲሁ ናት።»

«እህ!» አሉ እማ ጣይባ ከጓዳ። «ያኛው እጅ እዚያ ነዋ የቀረው!»

ሐጂ ጣሀ ግን አልሳቁም። ሙንዚርን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ልጅ ለራስህ ትፈልጋታለህ?»

ሙንዚር ዝም አለ። የወንድ ዝምታ እሺ ይሁን እንቢ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ያን ዕለት ግን በሩ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ ገባቸው። ዊዳድም ገባት። አንድ ሰው ሐረጎን ሙሉ ክንዱ እስኪደነዝዝ ሳይንቀሳቀስ እንደዋለላት ያኔ ነው ያወቀችው፤ ዓይኗን ከእሱ ላይ መንቀል አቃታት።

ጀላል ቀስ ብሎ ራሱን አነሳ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎን እንቢ ማለት ፈራሁና እንቢታዬን በልጄ አፍ አኖርኩት። እናቴን ያኖሩልኝ እርስዎ ነዎት። የፈለጉትን ይጠይቁኝ። እሷን ግን...»

«ጀላል፣ እኔ ለእናትህ ያደረግሁትን ለዋጋ አላደረግሁትም» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ሰለለ። መልሰው ደግሞ ከረሩ። ሰው ፊት ነው፣ ልጃቸው ደስ ብሎታል፣ እንዴት ብለው ይነግሩታል? «ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። ተጠየቀች፣ ዝም አለች። ተኝታም ይሁን ነቅታ፣ ዝም ካለች ወዳለች። በቃ!»

ዚክራ የሻይ ትሪ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ትሪውን መሬት ላይ ቁጭ አደረገችው።

«እንዲያ ከሆነማ ሐጂ» አለች፣ «መቃብር ሄደው ይጠይቁ። እዚያ ያሉት ሁሉ ተውፊቅን ወደውታል።»

የሐጂ መቁጠሪያ አልተንቀሳቀሰም። ሼህ መሕሙድ ጺማቸውን ይዘው «እንቅልፍ እሺታ አይደለም፤ ነገሩ ይቀራል» አሉ። ከሪማ እንኳ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ የነበረችው ከሪማ፣ ትንፍሽ አላለች።

ዊዳድም ዝም አለች። ዓይኗ ግን ተከፍቶ ሙንዚር ላይ ነበር፤ አውራ ጣቷም አልተሸሸገም።