አራት ሰዓት ከሃያ

ሲስተር ሸዋወርቅ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የኢፍቱን ፊት አየች። ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ሥር ከፊተኛው አግዳሚ ላይ የምትቀመጥ ተማሪዋ ነበረች። ከወለንጪቲ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው በዚህ መንደር፣ ሸዋወርቅ ለእርጉዞች የምትሰጠውን ትምህርት እንደ ኢፍቱ አጥብቆ የያዘ አልነበረም። «ደም ከታየ? ፊትና እግር ካበጠ? ምጥ ከተራዘመ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሁሉም ቀድማ «ሐኪም ቤት!» የምትለው እሷ ነበረች። አሁን በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ማግሥት፣ ደሟ ፈስሶ አልቆ መደብ ላይ ተጋድማለች።

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1974 ነው። ሸዋወርቅ ትናንት ቀኑን ሙሉ ናዝሬት ስብሰባ ላይ ዋለች። ዛሬ ማለዳ ስትመለስ አስከሬኑን እንድትመረምር ጠሯት።

ከናዝሬት የተላከው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ገመዳ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ በሩ ላይ ቆሟል። ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

ሸዋወርቅ ሬሳውን ወደ ጎን ስታዞር ቀኝ ጭኑ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ ዙሪያዋ የጠቆረ አንዲት ነጥብ አየች። እጇ ቀጥ አለ። የመርፌ ምልክት ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም።

«ገላዋ ላይ የተለየ ምልክት አለ?» አለ ገመዳ ሳይዞር።

ነጠላውን መለሰችው።

«የለም» አለች።

በነገሩ የተያዙት ወይዘሮ ዲንቄ የሚባሉ የልምድ አዋላጅ ናቸው። ሸዋወርቅ ራሷ ሦስት ሳምንት አሠልጥና ሳሙና፣ ምላጭና ክር የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን የሰጠቻቸው ሴት። የሟች ባል ጆቴና እናቱ ወይዘሮ አረጋሽ «ከንጋት ጀምሮ አጠገቧ ነበሩ፤ ሕፃኗን በግድ ጎትተው ገደሏት» ብለው ከሰሷቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም «አሻጥር ነው» ብሎ እስር ቤት አስገባቸው። በዚያ ዘመን ይህች ቃል አንዴ ከተነገረች የሚያወጣ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

ገመዳ ወይዘሮ አረጋሽን ጨቅላዋን አቅፈው፣ ከጆቴ ጋር ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አገኛቸው።

«እስቲ ልያት» አለና የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ፈታ። እትብቷን ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። «ማን ነው ያሰረላት?»

«ዲንቄ ናቸዋ! ሌላ ማን አለ?»

«ሐኪም ቤት ሳትወስዷት ለምን ቀራችሁ?»

አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። መልሱ ከጆቴ መጣ። «ሲስተር ናዝሬት ውሰዳት ብላኝ ነበር፤ እግሯ አብጦ ነበር። የቦሎቄው አጨዳ ይለቅ ብዬ...»

«ስንት ሰዓት ወለደች?»

«ሰዓት የለንም፣ ጌታዬ። ፀሐይ ከፍ ስትል ነው።»

የክሊኒኩ ጤና ረዳት ሐዲስ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ መንደሩ ሁሉ የሚወደው። ሸዋወርቅ በሌለችበት ቀን የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ እሱ ዘንድ ይሆናል። ስለ ኢፍቱ አሟሟት ያዘጋጀውን ሪፖርት ለገመዳ በሁለት እጁ አቀረበ።

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከክሊኒክ ንቅንቅ አላልኩም። ጆቴ መጥቶ የጠራኝ ሴትዮዋ ካረፈች በኋላ ነው። ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።»

ገመዳ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሸዋወርቅን አስከትሎ ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

«አከም ጅርቱ፣ እማማ?» አላቸው።

ወይዘሮ ዲንቄ በኦሮምኛ ሰላምታውን መለሱና ወዲያው ወደ ሸዋወርቅ ዞሩ። «ሲስተር፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጅ አይጎተትም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጎረቤት ጮኸ ብለውኝ ስደርስ ልጅቷ ተወልዳ ተጠቅልላለች፣ ቤቱ ደም በደም ነው። እንዳልሽኝ ሆዷን አሸሁ፣ ሕፃኗን ጡት አስያዝኩ፣ ቃሬዛ አምጡ ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም።»

ገመዳ ከእሳቸው ጋር የተያዘውን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተ። ሳሙናው ከወረቀቱ አልወጣም። ምላጩ እንደታሸገ ነው። ክሩ ከጥቅሉ አንድ ስንዝር አልጎደለም።

ሲመለሱ መንገድ ላይ እንደ ዋዛ ጠየቃት። «ሲስተር፣ ከእናንተ መካከል ሰው ቤት እየሄደ መርፌ የሚወጋ አለ?»

ሸዋወርቅ አንድ ቃል ብትናገር ከኋላው የሚከተለውን አሰበች፤ ክሊኒኩ ይዘጋል፣ አሻጥር የሚለው ቃል በእሷም ላይ ይለጠፋል። ከኋላዋ የቀሩት የወይዘሮ ዲንቄ ዓይኖች ግን ጀርባዋን የሚወጉት መሰላት።

«እኔ እስከማውቀው የለም» አለች።

ገመዳ ቀና ብሎ አያት። ሌላ አልጠየቃትም።

ቀብሩ ከሰዓት በፊት ተፈጸመ። በማግሥቱ ጠዋት ገመዳ ሁሉንም ግራሩ ሥር፣ እርጉዞቹ በሚማሩባቸው አግዳሚዎች ላይ አስቀመጣቸው። ወይዘሮ ዲንቄም በአንድ ሚሊሻ ታጅበው መጡ።

«የእማማ ዲንቄ ሣጥን ይኸውና» ብሎ ጀመረ። «ምላጩም ክሩም አልተነካም። ታዲያ እማማ ዲንቄ ካዋለዱ የሕፃኗን እትብት በምን ቆረጡት? በምንስ አሰሩት?»

ገመዳ ምላጩንና ክሩን ከሣጥኑ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አኖረ።

«እኔ አይቻለሁ። የታሰረው በክር አይደለም፤ ከክሊኒክ በሚወጣ ፋሻ ነው። ቋጠሮውም የሰለጠነ እጅ ቋጠሮ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ስትወለድ እዚያ ቤት ፋሻ የያዘ ሰው ነበር።» ሪፖርቱን ከኪሱ አወጣ። «ሐዲስ፣ ሕፃኗ የተወለደችው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው ብለህ ጽፈሃል።»

«ጆቴ ነው የነገረኝ» አለ ሐዲስ።

«ጆቴ የሚያውቀው ፀሐይ ከፍ ማለቷን ነው። ቤቱ ውስጥ ሰዓት የለም። በዚህ ጉባኤ ከእኔ ሌላ ሰዓት ያሰረ አንድ ሰው ነው።»

ሐዲስ ግራ እጁን ወደ ጋቢው ሰበሰበ። በዚህ ጊዜ ጆቴ ተንሰቀሰቀ።

«እኔ ነኝ ሐዲስን የለመንኩት! ምጡ ከብዷት ነበር። ናዝሬት ከመሄድ በመርፌ ቶሎ ትገላገል አልኩት። በኋላ ደሙ አልቆም ሲል፣ መርፌውን ያስወጋሁት እኔ መሆኔ ከታወቀ የሚስትህ ደም በአንተ ነው አለኝ። እናቴም ለእኔ ብላ ዋሸች።»

«ውሸት ነው!» ሐዲስ ብድግ አለ። «ሄድኩ፤ እትብቱን አሰርኩ። ስደርስ ግን ተወልዳ ነበር! መርፌ የሚባል አልነካኋትም። ይህ ሰው የራሱን ጥፋት ወደ እኔ እያዞረ ነው።»

«አስከሬኑን የገነዙት ሴቶች ጭኗ ላይ አንዲት ነጥብ አይተዋል» አለ ገመዳ።

«እሾህ ሊሆን ይችላል። ትኋን ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል። እኔም ሴቶቹም ለይተን አናውቅም። ለይቶ ሊመሰክር የሚችል እዚህ መካከል አንድ ባለሙያ ብቻ አለ።»

የሸዋወርቅን ስም አልጠራም። ወደ እሷም አላየም። ወይዘሮ ዲንቄ ግን አዩዋት። በዚያ እይታ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀላት ነበር፤ የነበረው እምነት ብቻ ነው።

ሸዋወርቅ ተነሣች።

«የመርፌ ምልክት ነው። ትናንት አይቼዋለሁ፤ አይቼም የለም ብያለሁ» አለች። «ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚወጋው መርፌ ማኅፀን የሚያኮማትር ነው። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም ነው የሚሰጠው። ልጅ ሳይወጣ ከተወጋ ማኅፀኑ ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ይቀደዳል። ሐዲስ ይህን ያውቃል፤ አስተምሬዋለሁ።» ትንፋሿን ሳበች። «ነሐሴ ላይም ሌላ ቤት ሄዶ ወግቷል። ያቺ እናት በእግዜር ቸርነት ተረፈች። እኔ በሩን ዘግቼ ተቆጣሁትና ለማንም ሳልናገር ተውኩት። ሌላ ረዳት የሚልኩልኝ አልመሰለኝም። ክሊኒኩም እንዳይዘጋ ፈራሁ።»

ሐዲስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ትሞታለች ብዬ አይደለም» አለ። «የነሐሴዋ ድና ነበር... ይህችንም የምረዳት መስሎኝ ነበር።»

ገመዳ ሚሊሻውን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ሚሊሻውም ከወይዘሮ ዲንቄ አጠገብ ተነሥቶ ከሐዲስ አጠገብ ቆመ። ዲንቄ መጎናጸፊያቸውን አስተካከሉና ሸዋወርቅ ፊት ደረሱ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ሸዋወርቅ።

«ትናንት ብትናገሪ ትናንት ቤቴ እገባ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ አረጋሽ ዞሩ። «ሕፃኗ ምን ጠጣች? አምጪያት። ከእኛ ሠፈር የምታጠባ ሴት አለች፣ እሷ ዘንድ እወስዳታለሁ።» አረጋሽ አንገታቸውን ደፍተው ጨቅላዋን አስረከቧቸው።

«ሲስተር፣ እርስዎም ቃልዎን ለመስጠት ናዝሬት ድረስ ይመጣሉ» አለ ገመዳ።

የመቶ አለቃው ላንድሮቨር ከኋላ ሸዋወርቅን፣ ሐዲስንና ጆቴን ጭኖ ተነሣ። ወለንጪቲ ደርሰው ዋናውን መንገድ ያዙ። ጆቴ መስኮቱን ተደግፎ ያለቅሳል። ሐዲስ የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀና አለ። ድምፁ የክስ ድምፅ አልነበረም፤ የምር መልሱን የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሲስተር፣ ነሐሴ ላይ ለምን አልከሰሱኝም?»

«ቃሌን የምጀምረው ከነሐሴ ነው» አለች ሸዋወርቅ። የናዝሬት ቤቶች መታየት ጀመሩ።