ለካርቶን ደብር ያጎነበሰው

ሚሞሪ ካርዱ ከጣሪያው ሥር ነበር።

ሰሎሜ የመስታወቱን ግንብ ሞዴል ጣሪያ በሁለት ጣት አነሳች፣ ካርዱን መዥረጥ አደረገች፣ ጣሪያውን መለሰች፣ አቧራ ማራገፏን ቀጠለች። ማንም አላያትም። ጎብኚዎቹ አገጫቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ መቼም የማይሠራ ሕንፃ ያደንቃሉ።

በዚህ የሕንፃ ሞዴሎች ሙዚየም ጽዳት ሠራተኛ ሆና ስምንት ወር ከርማለች። በስምንት ወር የወደደችው ሞዴል አንድም የለም። የፕላስቲክ ሰዎቹ ፊት የላቸውም፤ ዛፎቹ ቅጠል አያረግፉም፤ በረንዳው ላይ የተሰጣ ካልሲ እንኳ አይታይም። ሀብታም ከተማ ሲያልም መጀመሪያ የሚያስወጣው ሰውን ነው፤ የቀረውን አሳምሮ በመስታወት ይከድነዋል።

ካርዱ ላይ አሥራ አንድ አድራሻ አለ። አንድ ኮሎኔል እስር ቤት ውስጥ የፈጸመውን ግፍ ለንደን ፍርድ ቤት ቀርበው ሊመሰክሩ የተዘጋጁ ስደተኞች አድራሻ ነው። ከጠበቃቸው ቢሮ የሰረቀው አስተርጓሚ ለኮሎኔሉ ሰዎች ዕቃ በሚቀባበሉበት በዚህ ሙዚየም ደብቆላቸው ትናንት ተያዘ። ሰርቆ ያወጣው ቅጂ ይህ ብቻ ነው። ካርዱ ከነሱ እጅ ከገባ አሥራ አንዱም አለቀላቸው። አንዷ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ቅመም የሚሸጡት እትዬ አስካለማርያም ናቸው፤ ሰሎሜን «ልጄ» ነው የሚሏት።

ጆሮዋ ውስጥ የሸጎጠችው ማዳመጫ ነቃ። ምስክሮቹን በስውር በሚጠብቀው ቢሮ አለቃዋ የሆነው ብርሃኑ ነው፤ ሥራውን ያስተማራት፣ ዘጠኝ ዓመት አንቱ ስትለው የኖረችው። በሥራ ስሟ ጠራት።

«መቀስ፣ እጅሽ ገባ?»

«ገብቷል።»

«ተቀባዩ እየመጣ ነው። ቤንጃሚን ይባላል። ጋናዊ ነው፣ አማርኛ አይሰማም። ስጪውና ውጪ።»

«እኔው ባመጣልዎትስ?»

«ፕላኑን ቼንጅ አድርገነዋል አልኩሽ። አትጨቃጨቂኝ።»

ቤንጃሚን ከተፍ አለ። ውድ ካፖርት፣ አዲስ ኮፍያ፣ የጌታ አረማመድ። ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«የድልድዩ ሞዴል የት ነው?»

«ለጥገና ወርዷል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ወደ እሷ መጣ። መንገዱ ላይ አንድ ተማሪ ከካርቶን የሠራው ክብ የገጠር ደብር ቆሟል፤ ክዳኑ ሣር፣ ጉልላቱ ላይ መስቀል።

ኮፍያው ወለቀ።

ጎንበስ አለ። አማተበ። መስታወቱን በጣቱ ነካና ጣቱን ሳመ።

ያደረገውን እሱ ራሱ አላወቀም።

ሰሎሜ አወቀች።

ጋናዊ! ሰው ሊያሳርድ መጥቶ የካርቶን ደብር ይሳለማል! ናቀችው፤ ፈራችም። የኮሎኔሉ ጆሮ ጠቢዎች በየማኅበሩ ተሰግስገዋልና ቢሮው ከእሷና ከብርሃኑ በቀር ለዚህ ሥራ አበሻ እንዳይመደብ ከልክሏል። ታዲያ ይሄ የማን ሰው ነው? ጋናዊ ነው ያላት ማን ነው?

ብርሃኑ ምስክሮቹን ሸጧቸዋል።

በግራ ኪሷ ለክፉ ቀን የያዘችው ባዶ ካርድ ነበር። እሱን ሰጠችው። ሰውየው በሁለት እጁ፣ እጅ እየነሳ ተቀበላት። አሳዳጊው ይህን ያህል ደክሞበት ምን ዋጋ አለው!

እንደወጣ ወደ ጥገና ክፍሉ ገባች። እውነተኛውን ካርድ በፒንሳ አድቅቃ ስብርባሪውን ሽንት ቤት ጨምራ ውሃ ለቀቀችበት። ከዚያ ለምስክሮቹ ጠበቃ በስሟ ባልተመዘገበ ስልክ ሁለት መስመር ላከች፤ የተሰረቀው ዝርዝር ወድሟል፣ ብርሃኑን አትመኑ።

ብርሃኑ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ።

«ባዶ ነው! እውነተኛውን አምጪ።»

«አደቀቅኩት።»

ብርሃኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው ዝርዝሩን የሰረቀችው ሰሎሜ ናት ብዬ ዛሬውኑ አስወራለሁ። ከቢሮ እስከ ቤተክርስቲያን። ማን ያምንሻል?»

«ማንም። አንተ ግን ለኮሎኔሉ የምትለውን ካሁኑ አጥና።»

አንተ ስትለው ደስ አላት። ወዲያው ግን አመማት፤ ብርሃኑን ከልቧ ታከብረው ነበር።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የተከራየችውን ክፍል ለቃ አውቶቡስ ስትጠብቅ በዋናው ስልኳ የድምፅ መልእክት ገባ።

«ሰሎሜ፣ አስካለማርያም ነኝ። ሰማሁ። ልጄ እያልኩ ጉያዬ ሳስገባሽ… እግዜር ይይልሽ! ሱቄ ደጃፍ እንዳትደርሺ።»

ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከእርግማኑ ጀርባ አንድ ደንበኛ የኮረሪማ ዋጋ ይጠይቃል፤ እትዬ አስካለ ስልኩን ሳይዘጉ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይሉታል። ሱቁ ክፍት ነበር፤ ማንም አልደረሰባቸውም።

ሲም ካርዷን አውጥታ ሰበረች። እንባዋን በጽዳት ጓንቷ ጠረገችና ቀጥሎ በመጣው አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቁጥሩን እንኳ አላየችም።