ስውር ሰደቃ

ጦይባ ጠዋት ጠዋት ልጇን ራህማን ቁርአን ቤት አድርሳ ስትመለስ የምትሠራው ሥራ የታወቀ ነው። የግቢውን የቆርቆሮ በር ከውስጥ ትቀረቅራለች፣ የጓዳውን መስኮት ትዘጋለች፣ ከዚያ ጥጉ ላይ የተነጠፈውን ሰሌን ጠቅልላ ከሥሩ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ በዶማ እጀታ እየፈነቀለች ወደ ጎን ትገፋዋለች። ከድንጋዩ ሥር የእህል ጉድጓድ አለ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ የቆላ ሰው ማሽላ የሚከትበት ዓይነት ነው። ባሏ ቤቱን ሲገዛ ባዶውን አገኙት፤ ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጉድጓዱን ለምን እንደፈለገችው ለማንም አልተናገረችም። ካቻምና ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲመጣ እሷም እንደ ሰዉ ሸሽታ ነበር፤ አራት ቀን በእግር ስትጓዝ የስምንት ወር ወንድ ልጇ ጀርባዋ ላይ በውኃ ጥም ሞተ። በድንጋያማ ቦታ በእጇ ጭራ ቀበረችው፤ ቦታውን ዛሬ ብትፈልገው አታገኘውም። ያን ቀን ሁለተኛ ላትሸሽ ማለች። ባሏ ሾፌር ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከወዲያ ማዶ ቀርቷል፣ ስልክም የለም። የቀረቻት ራህማ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሽ ስትሮጥ ደረቷ ያፍናታል። ጦይባ በዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር ቢኖር ይህች ልጅ ስትተነፍስ ማደሯን ነው።

እናም በድሃ አቅሟ ታጠራቅም ጀመር። በአንድ ጊዜ ብዙ የገዛ ሰው በዚህች ከተማ እስከ ማታ ወሬ ስለሚሆን፣ ዛሬ ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት ሻማ እያለች ነው። ከምግብ ቤት የተጣሉ የዘይት ጀሪካኖችን ለምና በአመድና በፈላ ውኃ አጥባ ውኃ ሞላቻቸው። የተረፋትን እንጀራ አድርቃ ድርቆሹን በጣሳ አሸገች። ክብሪቱን በፌስታል ጠቅልላ ፌስታሉን በሻማ ሰም ዘጋችው፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የተቅማጥ ዱቄት ሳይቀር አስቀመጠች። ይህን ሁሉ ያሰበች ሴት ጨው ረሳች።

የእህል ጉድጓድ ተዘግቶ ሲቆይ አየሩ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሳይወርድ በፊት ኩራዝ አብርቶ በገመድ ያወርዳል፤ እሳቱ ከጠፋ ከፍቶት ይውላል። ጦይባም እንደዚያው ታደርግ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኩራዙ ገና ከአፉ ሳያልፍ ድርግም ይል ነበርና ሁልጊዜ እስከ ቀትር ትጠብቃለች። አንድ ማክሰኞ ግን ኩራዙ እስከ ታች ድረስ እየነደደ ወረደ። ደስ አላት፣ ወረደች፣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ግማሽ ኩንታል የሚሆን ጨው በጆንያ ተቀምጦ አገኘች።

ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ የጎረቤቷ የጋሽ ይመር ፊት ትዝ አላት። ሽማግሌው ጀሪካን ስታጥብ በአጥሩ በኩል አይተዋታል፤ የግቢው ቁልፍ ገበያ ስትሄድ የት እንደሚቀመጥም ያውቃሉ። በዚያ አገር ሰደቃ ደብቆ የሰጠን ሰው ‘አንተ ነህ ወይ?’ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ምንዳውን ማበላሸት ነው። ጦይባም አልጠየቀችም። እጇን ዘርግታ ለሰጪው ዱዓ አደረገችና ወጥታ ድንጋዩን መልሳ ገፋችው። ሌላው ሰው እህል ከትቶ ሲጨርስ አፉን በጭቃ ይመርገዋል፤ እሷ ግን ቶሎ ቶሎ ስለምትከፍተው በሰሌን ብቻ ትሸፍነዋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ የተገመደ ወፍራም መጫኛ አገኘች፤ ለመውረጃ ተመቻት፣ ደግማ ዱዓ አደረገች። ኩራዙ አሁን መጥፋት ቀርቶ፣ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሎ ይቆይና ቀስ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ይጋደል ነበር፤ ነፋስ በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲህ ይመላለስ ነበር። ሽታውም ተለወጠ። የአፈርና የአሮጌ ማሽላ ሽታ የነበረው፣ በአረፋ ሰሞን ሥጋ ተዘልዝሎ ከሚሰቀልበት ጓዳ የሚመጣውን ሽታ መሰለ። ጓዳው ውስጥ ተቀምጣ ጥራጥሬ ስትለቅም አንዳንዴ ከሰሌኑ ሥር ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ሰው በቅል እየዛቀ የሚያፈስ ዓይነት፣ ሻ፣ ዝም፣ ደግሞ ሻ። አይጥ ነው አለች። አይጥ እንዳይደለ ልቧ ያውቅ ነበር፤ ግን ጉድጓዱን ከፈራች የሚቀራት መንገዱ ነው፣ መንገዱን ደግሞ አይታዋለች።

አንድ ጠዋት ጋሽ ይመርን በአጥሩ በኩል አገኘቻቸው።

“አላህ ይቀበልዎ፣ ጋሽ ይመር።”

“ምኑን ልጄ?”

“ያው... እርስዎ ያውቁታል።”

ሽማግሌው ሳቁ። “አብሽሪ፣ እኔ ምን አለኝና። ነገ ደሴ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ሳይመሽ አንቺም ብታስቢበት ይሻልሻል።”

እንዲህ መካዳቸው ይበልጥ አስወደዳቸው። በማግስቱ ቤታቸውን በትልቅ ቁልፍ ቆልፈው ሄዱ። እሷ ራሷ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘቻቸው።

ከስምንት ቀን በኋላ ጉድጓዱን ስትከፍት የጨው ጆንያው አምስት ሆኗል።

ጦይባ የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ሰሌኑንም ያገኘችው እሷ እንዳነጠፈችው ነው። አምስት ጆንያ ጨው ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል? ይህን ጥያቄ አንዴ ጠየቀችና ሁለተኛ መጠየቅ ፈራች። ሌላ ጎረቤት ይሆናል፣ ሌላ ደግ ሰው ይሆናል እያለች ራሷን ስታባብል ዋለች። ማታ ላይ፣ ሐሙስ ሲነጋ ጆንያዎቹን ጎትታ ልታወጣና ለመስጊድ ልትሰጥ ወሰነች።

ሐሙስ ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ከባድ መሣሪያ ማጓራት ጀመረ። ሁለተኛው ተኩስ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው፤ መንገዱ በአንዴ በሰው ተሞላ፣ ሴቶች ልጅ አዝለው ይሮጣሉ። “ጦይባ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጪ እንጂ!” አለች አንዲት ሴት በቆርቆሮው በር በኩል። ጦይባ መወርወሪያውን ያዘች። ራህማ ገና ከቁርአን ቤት ሮጣ ከመመለሷ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አራት ቀን መንገድ ይህች ልጅ አትችልም።

“እናንተ ሂዱ፤ እኔ አልሄድም” አለች።

ኩራዝ ለማውረድ ጊዜ አልነበረም። መጫኛውን የጓዳው ምሰሶ ላይ አስራ መጀመሪያ ልጇን አወረደች፣ ተከትላ ራሷ ወረደች፤ ድንጋዩን አየር እንዲገባ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተወችው። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ቀጭን ነበር፤ ታች ሲደርስ ግን ያልጠበቀችው ንጣት ላይ አረፈ። ጆንያዎቹ ባዷቸውን ተጣጥፈው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ጨው የጉድጓዱን ወለል ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ ተደልድሏል፣ በእጅ ተዳብሷል። መሐሉ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ተበጅተዋል፤ አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ አጭር።

“እማ፣ አልጋ ሠራሽልን?” አለች ራህማ።

 ልጅቷ ድካሟ ብዙ ስለነበር ሳይፈቀድላት አጭሩ ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። ተረከዟ፣ ትከሻዋ፣ የታጠፈ ጉልበቷ፣ ሁሉም የየራሱን ቦታ አገኘ።

“ልኬ ነው” አለች።

ጦይባ ረጅሙን አየችው። በግራ ጎኗ፣ ቀኝ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ እንደምትተኛ ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ጨው ላይ ግን የክርኗ ቦታ ሳይቀር ተለክቶ ነበር። ልጇን ብብቷ ሥር አፈፍ አድርጋ ወደ መጫኛው ዞረች። ውጪ መንገድ ነበረ፣ ጥይት ነበረ፣ ጥም ነበረ፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም መረጠች።

መጫኛው ወደ ላይ እየተሰበሰበ ነበር። ሳይቸኩል ይሄዳል፣ እንዳይተበተብ በጥንቃቄ የሚጠቀለል ገመድ ነው። ዘልላ ጫፉን በጣቶቿ ነካችው፣ አመለጣት። ከዚያ ድንጋዩ መንሸራተት ጀመረ፤ ብርሃኑ ክር አከለ፣ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የራህማ ደረት ሲር ሲር ይላል። ጦይባ ጮኸች፤ የባሏን ስም ጠራች፣ የጋሽ ይመርን ጠራች፣ በመጨረሻ አዳመጠች።

ከራሷ በላይ፣ በድንጋዩ ዙሪያ፣ አንድ ሰው ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስንቅ እንዳይበላሽበት በእርጥብ ጭቃ ቀስ እያለ ይመርግ ነበር።