ጤና ይስጥልኝ አቶ ሰውአገኝ

የአቶ ሰውአገኝ አስከሬን የተገኘው ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው የእግር መንገድ፣ ከገደሉ ሥር ነው። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነበር። ዝናቡ አፋፉን ንዶታል።

ሟቹ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የአንድ ሆቴል አስጎብኚ ነበሩ። ያን ዕለት እንግዶቻቸው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴሉ ሊደርሱ ነበር። ታዲያ እሳቸውን ወደ ገደል ምን ወሰዳቸው?

መልሱ ኪሳቸው ውስጥ ተገኘ። ሳጅን አረጋ መስታወቱ የተሰነጠቀውን ስልክ ከፈተ። የመጨረሻው መልእክት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ገብቷል። የተላከው ከሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ከጽጌማርያም ስልክ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ሰውአገኝ። እንግዶቹ ማታውኑ ገብተው ገነተ ማርያም ቀድመዋል። መኪናው ስለተበላሸ በአቋራጩ በእግርዎ ይድረሱላቸው። እናመሰግናለን።»

ሳጅኑ ያነበበውን ለማንም አልተናገረም።

መጀመሪያ የሆቴሉን ሹፌር አለሜን ጠራ። አለሜ ከሟቹ ጋር በዚያው ሳምንት ተጣልቶ ነበር። በአንድ ሰዓት ግን ጎማ ቤት ነበር፤ ሦስት ሰዎች መሰከሩለት። መኪናውም ደህና ነው።

ቀጥሎ ጽጌማርያም ገባች።

«ጠዋት ለጋሼ ሰውአገኝ ምን ጻፍሽላቸው?»

«ምንም።»

«ስልክሽ የት ነበር?»

«ባንኮኒው ላይ ቻርጅ አድርጌው። እኔ ቁርስ ሳስተናግድ ነበር።»

«የይለፍ ቃል አለው?»

«የለውም። ምን የሚደበቅ አለኝ ብዬ!»

ስልኳ ውስጥ መልእክቱ የለም። ተሰርዟል። የሥራ ባልደረቦቿም ፖሊስ የጠራትን ልጅ ይሸሿት ጀመር። ለቅሶ ቤት ለመሄድ እንኳ ድፍረት አጣች።

አረጋ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሟቹ የጻፈችውን አንድ በአንድ አነበበ። ሁልጊዜ የምትጀምረው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብላ ነው። አንድ ቀን እንኳ «አቶ» ብላቸው አታውቅም። «እናመሰግናለን» ብላም አትዘጋም።

ከዚያ የሠራተኞቹን የጋራ የቴሌግራም ገጽ ከፈተ። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ጀምሮ «እናመሰግናለን» ብሎ የሚዘጋ አንድ ሰው ብቻ አገኘ፤ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ቢተው። እሱም ቢሆን ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የሚጽፈው «ቶሎ ና!»፣ «የት ነህ?» ነበር።

ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ሄደ። ቢተው በሁሉም ፊት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ የት ተኝተህ ነው?» ብሎ ጽፏል። አቶ ሰውአገኝም እዚያው መልሰውለታል። «ልጄ፣ በስልክ ሲሆን ሰላምታ ቀረ እንዴ? ስትጠራኝ በወግ ጥራኝ።» ሥራ አስኪያጁም ቢተውን በዚያው ገጽ ይቅርታ አስጠይቆት፣ ከዚያ ወዲያ በሥርዓት እንዲጽፍ አዞታል።

ቢተው ተጠራ። ተረጋግቶ ተቀመጠ።

«በአንድ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ።»

«አቶ ሰውአገኝ በዚያ መንገድ ለምን ሄዱ ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? መኪና ተበላሽቷል ብላ የላከቻቸው እሷ!»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስለ መኪናው ማን ነገረዎት?»

«ሰዉ ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ያን መልእክት ሟቹና እኔ ብቻ ነን ያነበብነው። ሦስተኛ ሰው ካለ የጻፈው ነው።»

ቢተው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«እንዲሞቱ አልፈለግሁም» አለ። «እንግዶቹ መጥተው እንዲያጧቸው፣ እሳቸውም ከሥራ እንዲባረሩ ነበር የፈለግሁት። መንገዱ እንደተናደ አላወቅሁም።»

«ለአንድ ተግሣጽ?»

«ሃያ ሦስት ሰው አነበበው። ምሳ ሰዓት ወጥ ቤት ስገባ 'በወግ ጥራኝ' እያሉ ይስቁ ነበር። ሲያዩኝ ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ያንን ዝምታ ነበር በየቀኑ የምሰማው።»

ቃሉን ፈርሞ ወደ እስር ክፍል ወረደ።

በሦስተኛው ቀን አረጋ ጽጌማርያምን ራሱ ይዟት ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰዉ ዞሮ አያት።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አመተ ማርያም ከምንጣፉ ላይ ቀና አሉ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና የነገራቸው የለም።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «ሦስት ቀን በር በሩን ሳይ ቀረሽብኝ?»

«እኔ ነኝ ብለው የጠረጠሩኝ መስሎኝ፣ እማማ።»

«አንቺን?» አሉ። ነጠላቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።